ስለ ሲዲኤል የሚወራውና የሚቆጠረው

ከዋሽንግተን እስከ ዳላስ፣ ከሲያትል እስከ ሚኒያፖሊስ፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት ቤት ቡናው ሳይነሳ የትራክ ወሬ ይነሳል። ኡበር የሰለቸውም፣ የመጋዘን ፈረቃ ያደከመውም «ሲዲኤል ላውጣ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን ማለቱ ነው። መልስ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ መኪና የገዛው ዘመድ ነው። መኪናውን ለባንክ የመለሰው ዘመድ ብዙ አያወራም።

«በሁለት ሳምንት ይዘኸው ትወጣለህ» የሚለውን እንጀምር። አንዳንዴ እውነት ነው፣ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ አመልካች በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ከሰፈረ አሠልጣኝ ዘንድ መማር ግዴታው ሆኗል፤ የጽሑፍ ትምህርቱንም ከመቶ 80 አምጥቶ ማለፍ አለበት። የልምምድ ፈቃድ ከያዘ በኋላ ደግሞ 14 ቀን ሳይሞላው የመንዳት ፈተና አይቀመጥም። መሪ ላይ የሚያሳልፈውን ሰዓት ግን ሕጉ አልወሰነም፤ አሠልጣኙ «በቅቷል» ካለ በቃ። ስለዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች እኩል ዋጋ እየጠየቁ አንዱ ብዙ ሰዓት ሊያስነዳ፣ ሌላው ተማሪውን ከአጥር ሥር አቁሞ የሰው ልምምድ ሲያሳየው ሊውል ይችላል። አውቶማቲክ መኪና ላይ የተፈተነ ሰው ፈቃዱ ላይ ገደብ ይጻፍበታል፤ ባለማርሽ ትራክ መንዳት አይችልም። በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሰው እንኳ እዚህ ሲመጣ «ሀ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ክፍያው እንደ ስቴቱና እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ የግል ትምህርት ቤቶች ከ3 ሺህ እስከ 10 ሺህ ዶላር ባለው መካከል ይጠይቃሉ። «ኩባንያው በነፃ ያስተምራል» የሚባለው ግን ከወረቀቱ ጋር መነበብ አለበት። ትልልቅ ድርጅቶች ሲያስተምሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ እንዲሠራላቸው ያስፈርማሉ፤ ቀድሞ የወጣ ዕዳውን ይከፍላል። የነፃ ትምህርት ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ2014 የወጣው ዊኦዋ የተባለው ሕግ ለሥራ ሥልጠና በሚመድበው ገንዘብ በየአካባቢው ያሉ የሥራ ማዕከላት መስፈርቱን ለሚያሟላ ሰው ክፍያውን ሊሸፍኑ ይችላሉ። የኛ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ዕቁብ ያወጣል፣ ከዚያ ይጠይቃል።

ዋናው ተረት «በሳምንት 5 ሺህ ይገባል» የሚለው ነው። ይህን የሚናገረው ባለመኪና አይዋሽም፤ የሚያወራው ግን ስለ ግሮስ፣ ወጪ ሳይቀነስለት ስላለው ገቢ ነው። ከዚያ ላይ ናፍጣው፣ ኢንሹራንሱ፣ የመኪናው ወርኃዊ ክፍያ፣ ጎማውና የዲስፓቸሩ ድርሻ ይነሳል። ቀሪው ከተቀጣሪ ደመወዝ የሚያንስበት ሳምንትም አለ። የተቀጣሪውን በተመለከተ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ያወጣው የከባድ መኪና ሹፌሮች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 57,440 ዶላር ነው፤ ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች።

ይህ ገቢ ደግሞ በሰዓት ሲመነዘር ሌላ መልክ ይይዛል። ለምሳሌ በማይል 50 ሳንቲም የሚከፈለው ጀማሪ በሳምንት 2,200 ማይል ቢነዳ 1,100 ዶላር ያገኛል። ጭነት የሚጠብቅበትን፣ መኪናውን የሚፈትሽበትንና ናፍጣ የሚቀዳበትን ጨምሮ 65 ሰዓት ከሠራ፣ በሰዓት 17 ዶላር እንኳ አልሞላለትም። መጋዘን በር ላይ ቆሞ ያሳለፈው ጊዜ ማይል አይቆጥርም። ከስቴት ስቴት የሚጭን ሹፌር ደግሞ ከ1938ቱ የፌዴራል የሥራ ሕግ የትርፍ ሰዓት ድንጋጌ ውጭ ነው። ትራኩ ውስጥ ተኝቶ ያደረበት ሌሊት ገና አልተቆጠረም።

«ሹፌር ጠፍቷል፣ ሥራ አይጠፋም» ይባላል። የትራክ ባለንብረቶች ማኅበር በ2021 ጉድለቱን 80 ሺህ አድርሶት ነበር። ስቲቨን በርክስና ክሪስተን ሞናኮ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ግን በ2019 ባወጡት ጥናት ይህ የሥራ ገበያ እንደሌላው ሁሉ ለደመወዝ ለውጥ መልስ የሚሰጥ ነው ብለዋል። በትልልቅ የረጅም ርቀት ድርጅቶች ዘንድ የሚታየው ሠራተኛ ያለማቋረጥ መግባትና መውጣቱ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝም ማንንም አይምርም፤ የሎው የተባለው አንጋፋ ድርጅት በኦገስት 2023 ለኪሳራ ከማመልከቱ በፊት 30 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበረው።

እንግሊዝኛን በተመለከተ «ማን ይጠይቅሃል» የሚለው ምክር ጊዜው አልፎበታል። ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ፈታሽ አነጋግሮት መግባባት ያቃተው ሹፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል። በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ያለ ሰውም የሲዲኤል ሕጉ ስለጠበቀበት፣ ስቴቱ ይሰጠው እንደሆነ ሳያጣራ ለትምህርት ቤት ባይከፍል ይሻለዋል።

ታዲያ አያዋጣም? ያዋጣል፤ የሚያዋጣው ግን ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ነው። አደጋ የሌለበት የአንድና የሁለት ዓመት መዝገብ ያለውን ሰው ኢንሹራንሶች ይቀበሉታል፤ የነዳጅ ቦቴና የአደገኛ ጭነት ፈቃድ ሲጨምርበት ደግሞ ማታ ቤቱ የሚገባበት ሥራ ማግኘት ይቀለዋል። ገና ከትምህርት ቤት ሲወጣ በኪራይ-ግዢ ውል መኪና የሚይዝ ሰው ግን ይህን ዓመት ይዘላል። ኮንግረስ ያቋቋመው የትራክ ኪራይ ግብረ ኃይል ውሎቹን መርምሮ በጃንዋሪ 2025 እንዲታገዱ ነው የመከረው። እንዲህ ያለ ውል የቀረበለት ሁሉ ሳይፈርም ለጠበቃ ያሳይ።