ያውቁ ኖሯል? ያበጠ የወንድ ጡት ሁሉ ስብ አይደለም

● ወንዶችም ከጡት ጫፋቸው ሥር ጥቂት የጡት እጢ አላቸው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በቴስቶስትሮን ላይ ሲያመዝን ይህ እጢ ያድጋል። ሐኪሞች «ጋይኔኮማስቲያ» ይሉታል።

● ሐኪሙ ታካሚውን በጀርባው አስተኝቶ፣ በአውራና በሌባ ጣቱ ጡቱን ከግራና ከቀኝ ወደ ጫፉ እያሰባሰበ ይዳስሳል። እጢ ከሆነ ልክ ከጫፉ ሥር እንደ ላስቲክ ጠንከር ያለ፣ ክብ ነገር ጣቶቹን ያግዳቸዋል፤ ሲነካም ሊያም ይችላል። ስብ ብቻ ከሆነ ግን እስከ ጫፉ ድረስ ለስላሳ ነው።

● ሁለቱ አብረው ሊገኙም ይችላሉ፤ የሰውነት ስብ የወንዴ ሆርሞኖችን ወደ ኢስትሮጅን ይቀይራልና።

● በጉርምስና የሚመጣው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

● አንዳንድ መድኃኒቶችም እጢውን ያሳድጋሉ፤ ለምሳሌ ለልብና ለደም ግፊት የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን፣ ለኤችአይቪ የሚሰጠው ኢፋቪሬንዝ። ቢጠረጥሩም ሐኪምዎን ሳያማክሩ መድኃኒቱን አያቋርጡ።

● ክብደት መቀነስ ስቡን ያሳንሳል፤ ለቆየ እጢ ግን ብዙም አይፈይድም።

ልብ ይበሉ! ከጡት ጫፍ ወደ ጎን የወጣ ደረቅ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ወይም የብብት እብጠት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች 1 ያህሉ ወንድ ነው።