ወደ ማኪራ በብስክሌት

ብዙዎቻችን ቡናን የምናውቀው ከስኒ ነው፤ ቢበዛ ከጓሮ። ማንም ሳይተክለው በጫካ የበቀለ ቡና ማየት የሚፈልግ ሰው በከፋ ካለችው ከቦንጋ ተነስቶ ወደ ዴቻ ወረዳ፣ ወደ ማኪራ ይዝለቅ። መኪና ይህን ጫካ ቶሎ ያልፈዋል። ብስክሌት ግን ዳገቱ ላይ ያስወርዳል፤ እየገፉ ሲወጡ ደግሞ ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ ለማየት ጊዜ ይገኛል።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እስከዚያ ድረስ ብስክሌቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ማስጫን ይሻላል። ከቦንጋ ወዲያ ያለው ቀይ አፈር ሲደርቅ ይጋለብበታል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ጎማውን ከሹካው ጋር አጣብቆ ያቆመዋል። በእንጨት ፍቆ አስር እርምጃ እንደሄዱ መልሶ ይሞላል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ሰፊ ጎማ፣ ለዳገት የሚቀል ማርሽ፣ ለቁልቁለቱ የማይከዳ ፍሬን፣ መንፊያና ትርፍ የውስጥ ጎማ ያስፈልጋሉ።

ጫካው ድርብርብ ነው። ከላይ ቀረሮና ወርካ ሰማዩን ይሸፍናሉ፤ ጉሬዛዎቹም እዚያው ናቸው። ቡናው ከጥላው ሥር ነው፤ ግንዱ ቀጭን፣ ቅርንጫፉ የሳሳ፣ ፍሬውም ጥቂት። የእርሻ ቡና የለመደ ዓይን መጀመሪያ አይለየውም። ጉልበቱን ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ በመመዘዝ ስለሚጨርስ ብዙ አያፈራም። ከእግሩ ሥር ኮረሪማ ይበቅላል፤ ጥምዝ ደግሞ ግንድ ተጠግቶ ይወጣል።

የዚህ ቡና ዋጋ በኩንታል አይለካም። በ1960ዎቹ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ እርሻውን ሲያጠፋ፣ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጠው ያወጡት ከደቡብ ምዕራብ ጫካዎች ከተሰበሰበ ቡና ነው። የከፋ ደን ቢጠፋ ለሚቀጥለው በሽታ መድኃኒት የምንፈልግበት ቦታ ይጠብባል። ዩኔስኮም ወደ 760,000 ሄክታር የሚጠጋውን የከፋ ምድር በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል።

ከመሸ በኋላ መጋለብ አይገባም፤ ከፋ ጅብ ብቻ ሳይሆን ጎሽና አንበሳም ያለበት አገር ነው። ማደሪያው የገበሬ ጎጆ ነው፤ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዞ፣ ቀበሌውንና ባለቤቱን አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። እሳቱ ዳር ቆጮ ይቀርባል፣ ቡና ይቆላል። ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ ማር ነው። ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ማር ቆራጩ በገመድ ወጥቶ በጭስ እየተከላከለ በሌሊት ይቆርጣል፣ ንቦች በጨለማ እምብዛም ስለማይበሩ። ነጩ የገተም ዛፍ ማር የሚደርሰው ክረምቱ ሲቃረብ ስለሆነ፣ በበጋ የሄደ ብስክሌተኛ ቆረጣውን አያይም፤ ቀፎዎቹን ግን ጠዋት ሲወጣ ቀና ብሎ ሊያያቸው ይችላል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጫካው ባለቤት የሌለው ይመስላል እንጂ ባለቤት አለው፤ በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁ ነዋሪዎች ይጠብቁታል፣ ቡናውንም ማሩንም እነሱ ይለቅማሉ፣ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ፍሬ አይቀጠፍም፣ ችግኝ አይነቀልም። የአስጎብኚውና የአሳዳሪው ሒሳብ ደግሞ ሳይጓደል፣ እዚያው በእጃቸው ይከፈል።