ከሞስኮ ሰማይ እስከ ፎገራ ሜዳ

በካርታ ላይ በፎገራ ሜዳ ካለችው ወረታ ከተማ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ሰሜን መስመር ያሰመረ ሰው ቀይ ባሕርን፣ የዓረብ በረሃን፣ ሶርያን፣ ቱርክንና ጥቁር ባሕርን አልፎ ሞስኮ ይገባል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ኬንትሮስ ላይ ስላሉ ቀትር የሚሆንባቸው በአንድ ጊዜ ነው። በመካከላቸው ያለው የአየር ርቀት 4,870 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት የአምስት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ወረታ ግን አውሮፕላን ማረፊያ የላትም።

ይህን ሰማይ በየዓመቱ የሚያቋርጠው መንገደኛ ወፍ ነው። ተመራማሪዎች ግራጫ ክሬን ይሉታል። አንገቱና እግሩ ረጅም፣ አናቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት፣ አምስት ስድስት ኪሎ የሚመዝን፣ ክንፎቹ ሲዘረጉ ከሁለት ሜትር የሚያልፉ ነው። የሚፈለፈለው በሩሲያ፣ በፊንላንድና በኢስቶኒያ ረግረጎች ነው። በፊንላንድና በኢስቶኒያ የሳተላይት መከታተያ ከታሰረላቸው መካከል ኢትዮጵያ ድረስ የመጡ አሉ።

አበራረሩ ጉልበት ቆጣቢ ነው። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ወደ ላይ የሚወጣውን አየር ተሳፍሮ እየዞረ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ወደፊት ይንሸራተታል። ሙቅ አየር ሲያጣ ከባልንጀሮቹ ጋር በቀስት ቅርጽ ተሰልፎ ክንፉን ይመታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ እንኳ ከሞስኮ ወረታ ለመድረስ 100 ሰዓት የማይሞላ በረራ ይበቃዋል። ሆኖም ጉዞው ሳምንታትን ይፈጃል፤ በየመንገዱ ወርዶ መብላት፣ ስብ ማጠራቀምና ምቹ ነፋስ መጠበቅ አለበትና። ለእኔ የዚህ ጉዞ ትልቁ ቁም ነገር ፍጥነቱ ሳይሆን ማረፊያው ነው።

የመጨረሻው ማረፊያ ፎገራ ነው። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ ሩዙንም ያጭዳል። ወፎቹ የሚደርሱት በዚሁ ሰሞን ነው። ቀን የሩዝ ቃርሚያ ይለቅማሉ፤ ሌሊት ከአውሬ ለመዳን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አያኖራቸውም።

የሚጎድለው ደግሞ ውሃው ነው። ሸሸርና ወላላ የተባሉት የሜዳው ረግረጎች ለመስኖ እየተቀዱና ወደ እርሻ እየተለወጡ በእጅጉ ጠበዋል። በጎርፍ ወቅት ከጣና ወጥተው እዚያ እንቁላል የሚጥሉ ዓሦችም ስላሉ ጉዳቱ የወፍ ብቻ አይደለም። የጣና ዙሪያ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል፤ ግን መዝገብ ውሃ አይዝም። ወፉ የሽምብራና የጓያ ቡቃያ ሲነቅል ኪሳራውን የሚሸከመውም ገበሬው ነው። እስራኤል ውስጥ በሁላ ሸለቆ ወፎቹ ማሳ እንዳያጠፉ በቆሎ ይበተንላቸዋል፤ በዚያም ምክንያት ብዙዎቹ ጉዟቸውን አቋርጠው እዚያው ይከርማሉ። የፎገራ ገበሬ ይህን ሸክም ብቻውን እንዲሸከም መተው ተገቢ አይመስለኝም።

ጫጩቶቹ መንገዱን የሚማሩት የመጀመሪያውን ጉዞ ከእናትና አባታቸው ጋር በርረው ነው። ሁላ ላይ የቀረ ቤተሰብ ለልጆቹ ፎገራን አያሳያቸውም።