በስኳር የደረቀ ጽጌረዳ ለዒድ ማዕድ

ዒድ ሲቃረብ የቤታችን ልጃገረዶች ኬኩን በስኳር በደረቀ የጽጌረዳ ቅጠል ማሳመር ይወዳሉ። ያማረ ነገር ነው፤ አንከለክልም። አበባው ከየት መጣ? ብለን ግን እንጠይቃለን። እንደ ዝዋይና ሆለታ ባሉ እርሻዎች የሚለማው ጽጌረዳ ለዓይን እንጂ ለአፍ አልተዘጋጀም። የተባይ መድኃኒት ይረጭበታል፤ ማጠብም ሙሉ በሙሉ አያጠራውም። ለእንግዳ የምናቀርበው ሐላል ብቻ ሳይሆን ጦይብም ሊሆን ይገባል። ስለዚህ መድኃኒት ያልነካውን የግቢያችንን ጽጌረዳ እንቁረጥ። ስሙን የማናውቀውን አበባ ከቶ አንሞክር፤ አስተናግርም ውብ ነጭ አበባ አለው፣ ግን መርዝ ነው።

ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ቆርጠን ቅጠሎቹን እንለያይ። መራራ የሆነውን ነጭ ግርጌያቸውን አስወግደን፣ በቀስታ አጥበን፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በደንብ እናድርቃቸው፤ እርጥብ ከሆኑ ስኳሩ ይቀልጣል። ብዙዎች የእንቁላል ነጭ ይቀባሉ። ጥሬ እንቁላል ግን ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለአዛውንት አይመከርም፤ የዒድ ማዕድ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ይሰበስባል። እኛ የምንመርጠው የግራር ሙጫ ነው። ለምግብ የተዘጋጀውን ዱቄት 1 የሻይ ማንኪያ በ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠን እስኪሟሟ እንጠብቅ። በንጹሕ ብሩሽ ሁለቱንም ገጽ በስሱ ቀብተን፣ ደቃቅ ስኳር ነስንሰን፣ ወረቀት ላይ እንዘርጋ። 1 ወይም 2 ቀን ይበቃል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ይዘገያል። ሲነኩት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ። ክሬም ላይ ቀድሞ ከዋለ ስለሚሟሟ፣ እንግዳ ሲገባ ይደረግበት። ለአንድ ሳህን 3 ቅጠል በቂ ነው።