አምባዛ ለምን ቅርፊት የለውም?



ከኩየራ ተነስቶ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ፣ ወይም በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ባቱና አዳማ የሚጓዝ ሙስሊም ተማሪ ምሳ ሰዓት ደርሶበት የሙስሊም ምግብ ቤት ካጣ የሚያዝዘው ይታወቃል፤ ዓሣ ነው። ዓሣ መታረድ ስለማያስፈልገው «ማን አረደው?» የሚል ጥያቄ አይነሳበትም። የቀረበው አምባዛ ከሆነ ግን «ይሄ ቅርፊት የለውም፣ አይበላም» ብሎ ሳህኑን የሚገፋ ወንድም አይጠፋም። ነገሩን ከዓሣው አካል እንጀምረው።

ሻላና አቢጃታ ጨውና ሶዳ የበዛባቸው ስለሆኑ ለጊዜው እንተዋቸው። ለገበያ የሚሆን ዓሣ የሚመጣልን ከሐዋሳ፣ ከላንጋኖና ከባቱ (ዝዋይ) ሐይቆች ነው። በሦስቱም ውስጥ ቆሮሶ፣ ቢልጫና አምባዛ ይገኛሉ።

ቆሮሶ ጎኑ ሰፋ፣ ገላው ጠፍጠፍ ያለ ነው። ቅርፊቱ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይሸፍነዋል። የጀርባው ክንፍ የፊተኛው ክፍል እሾህ ነው፤ ዓሣ ያጸዳ ሰው ያውቀዋል። ምግቡ በአብዛኛው በውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ደቃቅ አረንጓዴ ዕፅዋት ስለሆኑ አንጀቱ ከቁመቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ሱብሓነላህ!

ቢልጫ ትልልቅ ቅርፊትና በአፉ ዳር ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢም አለው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። በሥጋው መካከል የተበተነው ቀጫጭን አጥንት ግን ለቸኮለ ተማሪ አይመችም።

አምባዛ ከሁለቱም ይለያል። ራሱ ጠፍጣፋና እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ዓይኑ ትንሽ፣ ገላው ረጅምና ሙልጭልጭ ነው። የሚውለው ጭቃማና ደፍራሳ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ዓይን ብዙም አይጠቅመውም። በአፉ ዙሪያ ያሉት አራት ጥንድ ጢሞች ይዳስሱለታል፣ ይቀምሱለታልም። ከስንጥቡ በላይ ባለ ክፍተት ውስጥ ደግሞ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተበታተነ፣ ደም የበዛበት አካል አለው፤ በእሱ አየር ይተነፍሳል። በዚህ ምክንያት ውሃው አየር ሲያጥረው ሌላው ዓሣ ሲሞት እሱ ይተርፋል። በዝናብ ጊዜም የጎን ክንፎቹን እሾህ እየተከለ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው በእርጥብ መሬት ላይ ሊሻገር ይችላል። ቆዳውን የሚጠብቅለት በቅርፊት ፋንታ ወፍራም ልጋግ ነው። ስለዚህ አምባዛ ቅርፊት የለውም ማለት አንድ ነገር ጎደለው ማለት አይደለም፤ ስንጥብ፣ ክንፍና አከርካሪ ያለው የተሟላ ዓሣ ነው።

ታዲያ «አይበላም» የሚለው ከየት መጣ? በኦሪት ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ እንስሳ አይበላም። ኩየራ የአድቬንቲስቶች ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፤ እነሱ ይህን ሕግ ይጠብቃሉ። ብዙ የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም አምባዛ አይበሉም። እምነታቸው ነውና እናከብረዋለን። አብሮ ያደገ ልጅ ግን የጎረቤቱን ክልከላ የራሱ አድርጎ ይይዘዋል። ከአራቱ መዝሀቦች አንዱም ቅርፊትን መስፈርት አላደረገም። መስፈርት ያደረገው የሺዓዎች የጀዕፈሪ መዝሀብ ነው።

በአራቱ መዝሀቦች መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። ሐነፊዮች ከውሃ እንስሳት የሚፈቅዱት ዓሣን ብቻ ነው። በሀገራችን በስፋት የሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ ከዚህ ይሰፋል፤ በውሃም በየብስም የሚኖሩትን እንደ እንቁራሪትና አዞ ያሉትን ግን አይፈቅድም። ስለዚህ «ዓሣ ማለት ምንድን ነው?» የሚለው የባዮሎጂ ጥያቄ ለሐነፊይ ተማሪ የምግብ ጥያቄም ነው። ሽሪምፕ አጥንት የለውም፤ ከውጭ በቅርፊት የተሸፈነ፣ ዐሥር እግር ያለው ፍጥረት ነው። የሐነፊይ ዑለማዎች ዓሣ ነው አይደለም በሚለው ላይ ተለያይተውበታል።

ባሕር ውስጥ ደግሞ ቅርፊትን መለያ ማድረግ ይበልጥ ይከብዳል። የሻርክ ቆዳ በደቃቅ ጥርስ መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ አጽሙም ለስላሳ እንደ ጆሮ አጥንት ነው። አፍንጫው እንደ ሰይፍ የረዘመው ትልቁ የውቅያኖስ ዓሣ በልጅነቱ ቅርፊት ኖሮት ሲያድግ ያጣዋል። ዓሣ ነባሪ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል። የዓሣ ጅራት ቆሞ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ የእሱ ተጋድሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል።

በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ፣ በአቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) የሚመሩ ሦስት መቶ ሶሐቦች ስንቃቸው አልቆ በቀን አንዲት ተምር ላይ በደረሱ ጊዜ ባሕሩ ዐንበር የሚባል ግዙፍ ፍጥረት አወጣላቸው። የዓይኑ ጎድጓዳ ዐሥራ ሦስት ሰው አስቀመጠ። መዲና ሲመለሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሥጋው ተቀብለው በልተዋል። ዐንበር የሚባለው ሽቶም የሚገኘው ከአንድ ዓይነት ዓሣ ነባሪ አንጀት ነው። የፊቅሁን ዝርዝር ለኡስታዞቻችን እንተወው፤ ወላሁ አዕለም።

ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ቆሮሶ ሲሆን ዓይኑን እዩ፤ የጠራና ወጣ ያለ ይሁን። የአምባዛ ዓይን ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይነግራችሁም፤ ስንጥቡን ገልጣችሁ ቅላቱን ተመልከቱ፣ አሽትቱትም። ልጋጉ በጨውና በሎሚ ሲታሽ ይለቃል። ምግብ ቤት ውስጥ ስትሆኑ ደግሞ ስለ ቅርፊቱ ከመጠየቅ ይልቅ ዓሣው የተጠበሰበት ዘይት ሥጋ ተጠብሶበት እንደሆነ ጠይቁ።