ዋሻና ዋርካ፦ መመካከር ለሥነ ምግባር ውሳኔ ምን ይጠቅማል?

በየካቲት 2014 ዓ.ም. አሥራ አንድ ኮሚሽነሮች የተሾሙለት አገራዊ የምክክር ኮሚሽን የሦስት ዓመት ጊዜው ሲያበቃ፣ በየካቲት 2017 አንድ ዓመት ተጨመረለት። በመካከሉ፣ በሚያዝያ 2016፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጽድቋል። ሁለቱም ሰው ከመወሰኑ በፊት ቢመካከር የተሻለ ይወስናል ከሚል እምነት የመነጩ ናቸው። እምነቱ የቆየ ነው፤ ማኅተምና በጀት ያገኘው ግን አሁን ነው። እኔ ጉዳዩን ከዛሪማ ሆኜ ባየው እመርጣለሁ።

ዛሪማ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ጎንደርን ከሽሬ የሚያገናኘው ይህ መንገድ ከ2013 ወዲህ ጦር ሲወጣበትና ሲወርድበት ከርሟል። የትግራይን ጦርነት ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። እዚህ «ማን በደለ? ማን ይካስ? ነገ ከማን ጋር ገበያ እወጣለሁ?» የሚለው የክፍል ውስጥ ጥያቄ አይደለም።

አገሩ ለዚህ የሚያውቀው መንገድ ሽምግልና ነው። ነፍስ ሲጠፋ የገዳይ ወገን ሽማግሌና ቄስ ይልካል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚለምኑት ይቅርታን ሳይሆን ጊዜን ነው፤ ደም ፈላጊው እስኪነጋገሩ እጁን እንዲሰበስብ። የሟች ቤተሰብ እምቢ ይላል፤ እምቢ ማለትም ይጠበቅበታል፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ለሟቹ ክብር እንዳልሰጠ ይቆጠራልና። ደጅ ይጠናል፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይመጣሉ። ካሳውና መሐላው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ለእኔ የሽምግልና ትልቁ ብልሃት መዘግየቱ ነው። ቁጣ በክርክር አይሸነፍም፤ በመመላለስ ግን ይደክማል።

ሕጉ ለዚህ ሁሉ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 በሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን የሚመለከት ልማድን ሻረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በሃይማኖትና በባህል ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ለግልና ለቤተሰብ ክርክር፣ ያውም ባለጉዳዮቹ ሲስማሙ ነው። ግድያ የዐቃቤ ሕግ ነው። ሆኖም ፍርዱን ጨርሶ የወጣ ሰው ዕርቅ ካልወረደ ቀዬው መመለስ እንደማይችል ዳኛውም ፖሊሱም ያውቃል። ስለዚህ ሽምግልናው በወረቀት ባይኖርም በጎን ይካሄዳል።

ነገሩን ግን አናሞግሰው። ሽምግልናው በሚካሄድበት ዋርካ ሥር የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። ልጇ የሞተባት እናት ሐዘኗ ይጠቀሳል እንጂ ድምፅዋ አይቆጠርም። አፈርሳታም ነበረ፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ሕዝቡ ተሰብስቦ እንዳይበተን የሚደረግበት። እሱን ምክክር ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም። በላ ልበልሃ የሚባለው የሙግት ሥርዓትም የአንደበት ውድድር እንጂ የኅሊና ምርመራ አልነበረም፤ ለቲያትር ግን ግሩም ነው።

ስለ መመካከር የጻፉትን የውጭ አሳቢዎች በጥድፊያ ልለፋቸው። አሪስቶትል ሰው የሚመክረው ስለ መንገዱ እንጂ ስለ መድረሻው አይደለም ይላል። ጀርመናዊው ሃበርማስ ውሳኔው የሚነካቸው ሁሉ የሚሳተፉበት ውይይት ይሻል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆናታን ሃይት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፍርድ ቀድሞ በስሜት እንደሚሰጥና ምክንያት ኋላ እንደ ጠበቃ እንደሚቀጠር ተከራከረ።

የምቆምበት ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የተሰኘው የፍልስፍና መጽሐፍ ላይ ነው። ባለታሪኩ በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ተወለደ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖቱ ምክንያት ተከስሶ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት በዋሻ ኖረ። እዚያም ሁሉም «የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው» ሲል ዳኛው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ መልሱን በእግዚአብሔር ብርሃን በሚመራ ልቦና ፈለገ። ኋላም እንፍራዝ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ገብቶ፣ የቤቱን አገልጋይ ሒሩትን ባገባ ጊዜ ባልና ሚስት እኩል ናቸው አለ። የዋርካው ሥር ሸንጎ እስካሁን ያልደፈረውን!

መጽሐፉ የማን ነው የሚለው ክርክር ገና አልበረደም። ቅጂውን በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ለፈረንሳዊው ተመራማሪ አንቷን ዳባዲ የላከው ጣሊያናዊው ካፑቺን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ራሱ ዳ ኡርቢኖ ጽፎታል አለ፤ ካናዳዊው ክላውድ ሰምነርና ዓለማየሁ ሞገስ የዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው ተሟገቱ፤ ዳንኤል ክብረትና አናይስ ቪዮን ደግሞ ጥርጣሬውን አደሱት። ከዳ ኡርቢኖ እጅ ያላለፈ ቅጂ አለመገኘቱ ለተሟጋቾቹ ከባድ ነው፤ አልክድም። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። መቶ ዓመት ስለ ጸሐፊው ስንጨቃጨቅ፣ ብቻውን የሚመክር ሰው ከሸንጎ የተሻለ ሊወስን ይችላል የሚለውን ደፋር ሐሳብ የመረመረው ጥቂት ነው። የዋሻው ሰው እንኳ ሐተታውን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ጠይቆት መሆኑን መጽሐፉ ራሱ ይናገራል።

ዋርካው «እንዴት አብረን እንኑር?» ይላል፤ ዋሻው «እውነቱ ምንድን ነው?» ይላል። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው እውነትን ማውጣትን፣ ተጠያቂነትን፣ ዕርቅንና ባህላዊ ፍትሕን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ እነዚህ ጥያቄዎች ሲጋጩ የትኛውን እንደሚያስቀድም መመለስ አለበት። ምክክሩም የራሱ ችግር አለበት። ኮሚሽኑ የጊዜ ማራዘሚያ ባገኘበት ወቅት አጀንዳ ያልተሰበሰበባቸው ክልሎች አማራና ትግራይ ነበሩ፤ ዛሪማ ያለችበት መንገድ የሚያገናኛቸው ሁለቱ። በአማራ የአጀንዳ ማሰባሰቡ በዚያው ዓመት በባሕር ዳር ተካሄደ፤ ክልሉ ግን ገና ተኩስ ላይ ነበር። በሽምግልና ደንብ ሽማግሌው ሁለቱም ወገን የተቀበለው መሆን አለበት፤ ንግግሩም የሚጀመረው መሣሪያው ከተቀመጠ በኋላ ነው።