የረመዳን ጾም፣ የእርሾው ኖቤልና የጉበት ስልቻ

ረመዳን በተቃረበ ቁጥር ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ አንድ ወሬ አለ፤ ጃፓናዊው ተመራማሪ ዮሺኖሪ ኦሱሚ ጾም ካንሰርን እንደሚያጠፋ በማረጋገጣቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው ይላል። ሽልማቱ በ2016 እ.ኤ.አ. በእርግጥ ተሰጥቷል፤ የተቀረው ግን ከእውነት የራቀ ነው። ኦሱሚ የመረመሩት የዳቦ እርሾን ሲሆን፣ የተሸለሙትም የእርሾ ሕዋስ ምግብ ሲያጣ ያረጁ የገዛ ክፍሎቹን ጠቅልሎ የሚያብላላበትን ሥርዓትና ሥርዓቱን የሚመሩትን ዘረመሎች ስለለዩ ነው። በዚያ ምርምር ውስጥ ጿሚ ሰው አልነበረም፤ የዳነ የካንሰር ሕመምተኛም አልነበረም። ከሂጅራ ሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ሲፈጸም የኖረ አምልኮ የሐሰት ምስክር አያሻውም፤ ወሬውን አምኖ መድኃኒቱን የሚተው ሕመምተኛ ደግሞ በሕይወቱ ይከፍላል።

ጾሙ ከጎሕ መቅደድ እስከ ጀምበር መጥለቅ ከምግብም ከውሃም መታቀብ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ የሰዓቱ ርዝመት ነው። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ያሉት ኮሶዬ፣ ዳባትና ደባርቅ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ የጨረቃው አቆጣጠር ረመዳንን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየሳበ በጋና ክረምቱን ሁሉ ቢያዞረውም፣ ጾሙ ከ13 ሰዓት ተኩል ቢበዛ አንድ ሰዓት ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ከማለት አያልፍም፤ በስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን ረመዳን በሰኔ ሲውልበት ከ18 ሰዓት በላይ ይጾማል።

በደጋ ገበሬ ቤት እህል በሦስት ደረጃ ይቀመጣል፤ ለዕለቱ የሚበላው እንጀራ በሌማት፣ ለሰሞኑ የሚሆነው ዱቄት በስልቻ፣ የዓመቱ ገብስ በጎተራ። የሰውነት ስንቅም እንዲሁ ነው። በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ግሉኮስ የተባለው ስኳር የሌማቱ እንጀራ ነው፤ ጉበት ግሉኮስን አያይዞ የሚያከማቸው ግላይኮጅን የስልቻው ዱቄት ሲሆን መጠኑም 100 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ከቆዳ ሥርና በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ጎተራው ነው። የጎተራውን ቁልፍ የያዘው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን የተባለ ሆርሞን፣ ማለትም በደም የሚላክ መልእክተኛ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከምግብ በኋላ ከፍ ሲል ጎተራው ይዘጋል፣ ዝቅ ሲል ይከፈታል። ጎሕ ሳይቀድ የሚበላውን ሱሑር በልቶ የነየተ ሰው እስከ ረፋዱ የሚተዳደረው ከአንጀቱ በሚመጣለት ምግብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉበት ስልቻውን ይፈታል፤ ከቀትር ወዲያ ስልቻው እየሳሳ ሲሄድ ስቡ መቅለጥ ይጀምራል፣ ጉበትም ከፊሉን ስብ ኬቶን ወደሚባል፣ አንጎልና ጡንቻ ሊያነዱት ወደሚችሉት ማገዶ ይለውጠዋል። ይህ ሽግግር ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ የደባርቅ ጿሚ ጀምበር ስትጠልቅ የመግሪብን አዛን የሚሰማው ገና ጎተራው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው። ደባርቅ አጠገብ ያለውን የሊማሊሞን ዳገት ሲወጣ የዋለ ሰው ቀደም ብሎ ይደርሳል፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የዋለ ይዘገያል።

ኦሱሚ በእርሾ ውስጥ የመረመሩት፣ «ኦቶፋጂ» የተባለው ሥርዓት፣ ከዚህ የማገዶ ሽግግር የተለየ ነው። ቃሉን በ1963 እ.ኤ.አ. የሰጡት ቤልጄማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ሲሆኑ፣ ከግሪክኛ በቀጥታ ሲመለስ «ራስን መብላት» ይሆናል፤ ይህ ግን በአማርኛ ሕዋሱ የሚጠፋ ስለሚያስመስለው «የሕዋስ ጥገና» ማለቱ ይሻላል። ክረምት ላይ እንጨት ያጣ ቤት የተሰበረውን ሞፈርና የተናጋውን በርጩማ ፈልጦ ያነዳል፣ ቤቱም በዚያው ይጸዳል፤ የተራበ ሕዋስም እንዲሁ ያደርጋል። ወይም ያረጀ ጎጆ ሲፈርስ ደኅናው ማገር ተለይቶ ለአዲሱ ግድግዳ እንደሚውል፣ የተብላላው ፕሮቲንም ተፈታትቶ ለአዲስ ፕሮቲን መሥሪያ ይሆናል።

ዘርፉ ራሱ ያልጨረሳቸው ክርክሮች የሚበዙት እዚህ ላይ ነው። ሥርዓቱ በሰው ሕዋስ ውስጥም አለ፤ የምግብ እጥረት እንደሚያነቃውም ታውቋል፤ ነገር ግን በሕያው ሰው ጉበት ወይም አንጎል ውስጥ በስንተኛው ሰዓት ምን ያህል እንደበረታ በቀላሉ የሚለካበት መንገድ የለም። ብዙው ማስረጃ የመጣው ከአይጥ ሲሆን፣ አይጥ ደግሞ አንድ ቀን ስትራብ ከክብደቷ አንድ አሥረኛውን ወይም ከዚያ በላይ ስለምታጣ የእርሷን ረሃብ የሰው ጾም አድርጎ ማንበብ አይቻልም። በዚህ ሰዓት ሕዋስ ይታደሳል፣ በዚያኛው በሽታ ይረግፋል እያሉ የሚዞሩት ሰንጠረዦች ስለዚህ መሠረት የላቸውም። በካንሰር ረገድ ነገሩ እንዲያውም ሁለት ስለት አለው፤ ጥገናው ጤነኛው ሕዋስ እንዳይበላሽ ያግዛል፣ አንዴ ሥር የሰደደ ዕጢ ግን በዚያው ጥገና ተጠቅሞ የምግብ እጥረቱን ሊያልፍ ይችላል።

ስለ ክብደት ያለው ማስረጃ የተሻለ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደማምረው ሲታዩ በረመዳን የሚቀንሰው ክብደት በአማካይ ከአንድ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ ወሩ ካለፈ በኋላ በሳምንታት ውስጥ አብዛኛው ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚዛኑ ላይ የሚታየው ቅናሽ ደግሞ በአመዛኙ ውሃ ነው፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይወጣልና። የስቡ ሒሳብ አይታበልም፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በ30 ቀን ለማራገፍ በየቀኑ 257 መጉደል አለበት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ 240 ገደማ ነው። ሳምቡሳው ከዘይቱ ወጥቶ ወረቀቱን ሲያርሰው የቀኑ ጾም ያስገኘው ጉድለት እዚያው ሳህን ላይ ሊሞላ ይችላል።

ክብደቱን የሚወስነው እንግዲህ ከመግሪብ በኋላ ያለው ማዕድ ነው፤ እስልምናም ለዚህ ሥርዓት አበጅቷል። ነቢዩ ሙሐመድ የሆድን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶ ለመጠጥ፣ ሲሶ ለትንፋሽ እንዲተው ማስተማራቸው በቲርሚዚ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ ተዘግቧል፤ ተልቢና የተባለው የገብስ ቀጭን ገንፎም በሐዲስ የተመሰገነ ነው። ተልቢና ደግሞ ለደባርቅ ሰው እንግዳ አይደለም፣ የገብስ አጥሚት የቅርብ ዘመዱ ነው። በገብስ ፍሬ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር በአንጀት ውስጥ እየሟሟ ስለሚወፍር ስኳሩን ቀስ እያለ ያሳልፋል፤ ለሱሑር የሚበላ በሶ ከነጭ ዳቦና ከጣፋጭ የሚሻለው ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው በደባርቅ የሰፈሩት የግጭ መንደር ሙስሊሞች በገብስ የኖሩ ናቸው። ዳገት እየወጣ ገብስ ሲበላ የኖረ ሰው ከተማ ሲገባ ዳገቱም ገብሱም አብረው ከቀሩበት ጎተራው ይሞላል፤ ቀድሞውንም ለከሳ ገበሬ ግን ክብደት መቀነስ በረከት አይደለም፣ የሚጎድለው ጡንቻው ነው።

ስለ ጿሚዎች ክብደት የተደረጉት ጥናቶች በብዛት የመጡት ከመካከለኛው ምሥራቅና ከእስያ ከተሞች ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪውን የሚከታተል የጥናት ማዕከል በዳባት ስላለው፣ የደጋውን ጿሚ ከረመዳን በፊትና በኋላ መዝኖ ማየት ይገባዋል።

የስኳር ሕመምተኛ ጉዳይ ግን ጥናት የሚጠብቅ አይደለም። በ2001 እ.ኤ.አ. በ13 አገሮች ከ12,000 በላይ ሙስሊም የስኳር ሕመምተኞችን የመረመረ ጥናት እንዳሳየው፣ ሆስፒታል የሚያስገባ የደም ስኳር መውረድ በረመዳን በዓይነት አንድ ሕመምተኞች ወደ አምስት እጥፍ፣ በዓይነት ሁለት ከሰባት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ቁርኣን ጾምን በደነገገበት ስፍራ ሕመምተኛውንና መንገደኛውን ለይቶ ፈቃድ ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ በሻዕባን ወር፣ ረመዳን ሳይገባ፣ ሐኪሙን ያማክር፤ እየጾመ ሳለ የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ደግሞ አዛን ሳይጠብቅ ያፍጥር።